የእንስት አማልክት የከለር መጽሐፍ ጣና ዳር ሲደርስ

አዋቂ ሰው ከለር ይዞ ሲቀባ ማየት ድሮ ያስገርም ነበር። አሁን እየተለመደ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ለአዋቂዎች ተብለው የተዘጋጁ የከለር መጻሕፍት በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠዋል። አበባ አለ፣ እንስሳ አለ፣ የከተማ ሥዕል አለ። ከእነዚህ መሃል አንዱ ዓይነት ግን ለየት ይላል። የእንስት አማልክት መጽሐፍ ነው። የግብጿ ኢሲስ፣ የግሪኳ አቴና፣ የሕንዶቹ ሳራስዋቲና ዱርጋ፣ የቲቤቷ ታራ በጥቁር መስመር ብቻ ተስለው ቀለም ይጠብቃሉ። ታስቦ የተሠራው በዋናነት ለሴቶች ነው። ዓላማውም ጊዜ ማሳለፍ ብቻ አይደለም። ቁጭ ብሎ መቀባቱ ራሱ እንደ ጸሎት፣ እንደ ተመስጦ እንዲሆን ነው የሚፈለገው።

እነዚህ ገጾች ባሕር ዳር ለመድረስ ቪዛም መርከብም አያስፈልጋቸውም። ቴሌግራም ይበቃል። ስልክ ላይ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ማሳተም ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንዲት የባሕር ዳር ወጣት ሳሎን ውስጥ የሕንድ እንስት አምላክ ሥዕል ዘርግታ ስትቀባ እናቷ ብታገኛት ምን ትላታለች? ልጅቷስ ምን ትመልሳለች?

የእኔን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር። ልምዱ ይጠቅማል። በተለይ ለሴቶች ይጠቅማል። ሥዕሉን ግን ከሩቅ መበደር አያስፈልገንም። ጣና ዳር ቀለም የሚጠብቁ ሴቶች ሞልተውናል።

ነገሩ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ የሴቶች እንቅስቃሴ ሲጠነክር ጥያቄው ቤተ እምነት ውስጥም ገባ። ቅድስና ሁልጊዜ በወንድ መልክ የሚነገረው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ ነበር። ከጠያቂዎቹ መካከል የእመቤታችን ሥዕል በሌለባቸው፣ ግድግዳቸው ባዶ በሆነ አብያተ ክርስቲያናት ያደጉ ነበሩበት። አንዳንዶቹ ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ጥንት እንስት አማልክት ዞሩ። ስማቸውን ጠሩ፣ ሐውልታቸውን ቀረጹ፣ መልካቸውን ሳሉ። የከለር መጽሐፉ የመጣው በዚያው መንገድ ነው።

ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የእኛ ሴቶች ረሃብ ከዚህ ይለያልና። እኛ ዘንድ እመቤታችን በየቤቱ አለች። ባጃጁ ላይ አለች፣ ሱቁ ውስጥ አለች፣ አልጋው ራስጌ አለች። ወር በገባ በ21 ትታሰባለች። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፣ በዓላቷም እንዲከበሩ አጥብቀው አዘዋል። የሴት ቅድስና መልክ አልጎደለንም። የጎደለን ያንን መልክ ረጋ ብለን የምናይበት ጊዜ ነው። ሥዕሉን እናልፈዋለን፣ እንሳለመዋለን፣ ስልካችን ላይ እናደርገዋለን። አናየውም።

ሁለተኛው የነገሩ ምንጭ ሕክምና ነው። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ በየጠዋቱ ትንንሽ ክብ ሥዕሎችን ይስል ነበር። ሥዕሎቹ ውስጡ ያለውን ነገር እንደሚያሳዩት ያምን ነበር። በኋላ እነዚህን ክቦች በሕንድና በቲቤት ስማቸው ማንዳላ ብሎ ጠራቸው። ማንዳላ ዛሬም የአዋቂዎች የከለር መጽሐፍ ዋና ሥዕል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ናንሲ ከሪ እና ቲም ካሰር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በ84 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ተማሪዎቹን መጀመሪያ እንዲጨነቁ አደረጓቸው። ከዚያ በሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ማንዳላ ቀባ። ሁለተኛው በአራት ማዕዘን የተደረደረ ንድፍ ቀባ። ሦስተኛው ባዶ ወረቀት ተሰጥቶት የፈለገውን እንዲያደርግ ተተወ። ጭንቀታቸው በደንብ የቀለለላቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

እኔን የሚገርመኝ የሦስተኛው ቡድን ነገር ነው። ነፃነት ተሰጠው፤ ነፃነቱ አላሳረፈውም። የተጨነቀ ሰው ፊት ባዶ ወረቀት ማስቀመጥ ሌላ ሥራ መስጠት ነው። ምን ልሳል? ያምራል ወይ? ሰው ቢያይብኝስ? የተሰመረ ገጽ ግን ይህን ሁሉ ጥያቄ ያነሳለታል። መስመሩ አለ፣ ዳሩ አለ፣ የቀረው እጁን ማስከተል ነው። እጅ ሲዘገይ ዓይን ይዘገያል። ዓይን ሲዘገይ ሐሳብ ይሰበሰባል። ጸሎት የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ እግዚኦ ተሣሃለነ የሚል ሰው እጁን ለምን እንደሚያንቀሳቅስ ማንም አያስረዳውም።

ስለዚህ የእጅ ሥራና ጸሎት ተያይዘው መሄዳቸው ለእኛ አዲስ አይደለም። ፈትል የምትፈትል እናት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያላየ የለም። ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ሐረግ የሚባለውን የተጠላለፈ ንድፍ ሲስል ያንን ሁሉ ቀለም የሚያጥፈውና የሚያጠላልፈው ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም። አዲሱ ነገር ወረቀቱና ከለሩ ብቻ ነው።

እናትየው የምትፈራው ነገር

ወደ ሳሎኑ እንመለስ። እናትየው ብትቆጣ አላዋቂ ናት ማለት አይደለም። እንስት አምላክ የሚባል ነገር ስትሰማ ትዝ የሚላት የግሪኳ አቴና አይደለችም። አቴቴ ናት፣ ውቃቢ ነው፣ ዛር ነው። እነዚህ በአገራችን የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አልነበሩም። ሰው ገብሮላቸዋል፣ ቡና አፍልቶላቸዋል፣ ፈርቷቸዋል። ቤተ ክርስቲያንም ለዘመናት ስትታገላቸው ኖራለች። ልጇ ሥዕሉን ከቀባች በኋላ ሻማ አብርታ ፊቱ ብትቀመጥ እናቲቱ የምታየው መዝናኛ አይደለም። ሰው በአንድ መልክ ፊት በዝምታ ሰዓታት ሲያሳልፍ በልቡ ውስጥ አንድ ነገር ይገባል። የእንስት አማልክት መጽሐፍ አዘጋጆች የሚሉትም ይህንኑ ነው። እናትየውና አዘጋጆቹ በዚህ ይስማማሉ። ልዩነታቸው የሚገባው ነገር መልካም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ብዙ አይነሳም። ሳራስዋቲ ለሕንዶች ተረት አይደለችም። የዕውቀትና የሙዚቃ አምላክ ብለው ዛሬም ያመልኳታል። በእሷ በዓል ቀን ሕፃናት የመጀመሪያ ፊደላቸውን የሚጽፉበት አካባቢ አለ። ዱርጋ በአንበሳ ላይ ተቀምጣ ስትሳል ሥዕሉ ለአማኞቿ ቅዱስ ነው። በንጉሡ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ያስተማሩን የሕንድ መምህራን፣ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ያሉት፣ ከእነሱ የሂንዱ እምነት ተከታይ የሆኑት ቤታቸው ውስጥ የምትቀመጥ መልክ ናት። እኛ ሥዕለ ማርያምን አንድ የውጭ ሰው የሳሎን ማስጌጫ ቢያደርጋት ደስ አይለንም። እነሱም እንደዚያው ናቸው። የሰውን ቅዱስ ነገር እንደ አበባ ሥዕል ቀብቶ መጣል አክብሮት የጎደለው ነው። ይህ ለእኔ ከፍርሃቱ ያላነሰ ምክንያት ነው።

ኢሲስ ግን ለባሕር ዳር ሰው ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለችም። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ሱዳንን አልፎ አስዋን ሲደርስ ፊላይ ከሚባለው ደሴት ጋር ይገናኛል። የኢሲስ ታላቁ ቤተ መቅደስ እዚያ ነበር። የወንዙ ሙላት የኢሲስ ዕንባ ነው ይባል ነበር። ያ ሙላት በዋናነት የእኛ የክረምት ዝናብ ነው፤ ከሐበሻ ተራሮች ወርዶ የሚደርስ። ቤተ መቅደሱ የተዘጋው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በምሥራቅ ሮም ንጉሥ በዮስጢንያኖስ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ አክሱም ክርስትናን ከተቀበለች 200 ዓመት ገደማ ሆኗታል። በአስዋን ከፍተኛ ግድብ ምክንያት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሕንፃው ተፈታትቶ ወደ ጎረቤት ደሴት ተዛወረ። ኢሲስ ሕፃን ልጇን ሆረስን የምታጠባ እናት ሆና ነው ብዙ ጊዜ የምትሳለው። ይህን ለታሪክ ትምህርት መቀባት ችግር አለው ብዬ አላምንም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ዓባይ ሲማር ይህን ገጽ ቢቀባ ብዙ ነገር ይያያዝለታል። ጸሎት ብሎ መቀባት ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ከእናትየው ጋር ነኝ።

የጣና ሥዕል ለመስመር የተፈጠረ ነው

አሁን ወደሚያስደስተኝ ነገር ልምጣ።

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የሄደ ሰው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያውቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ከውጭ ሲታይ ዝም ያለ ነው። ወደ ውስጥ ተገብቶ መቅደሱ ጋ ሲደረስ ግን ግድግዳው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው ጨርቁ በጭቃው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ አለ። በላዔ ሰብእ አለ፤ 78 ሰው በልቶ፣ ለአንድ በሽተኛ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ስለሰጠ የዳነው ሰው። ማንበብ ለማይችል ሰው መጽሐፍ ሆኖ የኖረ ግድግዳ ነው።

የእነዚህን ሥዕሎች አሠራር ልብ በሉ። መጀመሪያ ጥቁር መስመር አለ። ፊቱ፣ ዓይኑ፣ የልብሱ እጥፋት፣ ጣቶቹ በመስመር ተለይተዋል። በመስመሩ መካከል ያለው ቦታ ደግሞ በአንድ ወጥ ቀለም ተሞልቷል። ቀዩ ቀይ ነው፣ ቢጫው ቢጫ ነው። በተለይ በቆዩት ሥዕሎች ላይ ጥላና ብርሃን ብሎ ነገር እምብዛም የለም። የአውሮፓን ዘይት ቅብ ወደ ከለር ገጽ ብትቀይሩት ነገሩ ይሞታል፤ ሕይወቱ ያለው በጥላው ነውና። የጣናን ሥዕል ግን ቀለሙን አንስታችሁ መስመሩን ብቻ ብታስቀሩት አሁንም ሙሉ ሥዕል ነው። ከመነሻው ለቀለም ቦታ ትቶ የተሠራ ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ የከለር መጽሐፍ መነሻ በየትኛውም አገር አላየሁም።

ደግሞም ሕግ አለው፤ ሕጉ የሚማሩበት ነው። ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለት ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። አንድ ሕፃን ይህን አንዴ ከሰማ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በገባ ቁጥር ግድግዳውን ማንበብ ይጀምራል። እመቤታችን ከውስጥ ቀይ፣ ከላይ ሰማያዊ ትለብሳለች። ልጇን ይዛ ስትሳል ምስለ ፍቁር ወልዳ ትባላለች። የጣና ደሴት ገዳም በሆነው ዳጋ እስጢፋኖስ ውስጥ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሳላት የእመቤታችን ሥዕል አለች። የሠዓሊው ስም በሥዕሉ ላይ ተጽፏል። ስሙን ሥዕሉ ላይ ትቶልን ያለፈ የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ማግኘት ብርቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ክብራን ገብርኤልም አይገባም። ይህ የገዳማቱ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱን ለመሟገት አልተነሳሁም። ነገር ግን የባሕር ዳር ሴት ከቤቷ ደጃፍ የምታያቸውን ደሴቶች ውስጣቸውን ሳታይ ትሞታለች። በዓለም የሥነ ጥበብ መጻሕፍት የሚጠቀሰውን የፍሬ ጽዮን ሥዕል ከእሷ ይልቅ ለንደን ያለ ተማሪ በደንብ ያውቀዋል። በአክብሮት የተሰመረ ገጽ ቤቷ ድረስ ቢመጣላት፣ እያንዳንዷን መስመር በራሷ እጅ ብትከተል፣ ከበሩ የተመለሰችበትን ነገር በከፊልም ቢሆን ታገኘዋለች። ለእኔ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ልቡ እዚህ ጋ ነው።

እነማንን እንቀባ?

ጣና የሴቶች ታሪክ ያለበት ሐይቅ ነው። ሦስቱን ብቻ ላንሳ።

ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ የቡልጋ ሴት ናት። ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ገድሏ እንደሚለው በቁጣ አገልጋይዋን ስትቀጣ አገልጋይዋ ሞተች። ደንግጣ ጸለየች፤ አገልጋይዋም ተነሳች። ከዚያ በኋላ ቤቷን ትታ መነኮሰች፤ ፍጻሜዋም ጣና ሆነ። ሐይቁ ውስጥ ቆማ 12 ዓመት እንደጸለየች፣ ዓሣዎች በአካሏ ውስጥ እንደተመላለሱ ገድሏ ይናገራል። የጸለየችው ጸሎት ደግሞ ሰውን ያስደነግጣል። ሰይጣንን ከፈጣሪው ጋር ልታስታርቅ ለመነች። የሰው ልጅ መሳሳቱ የሚቆመው አሳሳቹ ሲታረቅ ነው ብላ አሰበች። ሰይጣን እርቁን አልተቀበለም፤ እሷ ግን ለመጠየቅ ድፍረቱ ነበራት። ነሐሴ 24 በዓሏ ነው፤ ገዳሟ ጓንጉት በሰው ይሞላል።

ይህችን ሴት በገጽ ላይ አስቡት። እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ የቆመች፣ እጆቿ ወደ ላይ፣ ዓሣዎች በዙሪያዋ። ውሃውን ብቻ ለመቀባት አንድ ምሽት ይፈልጋል። ጣናን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ውሃውን በአንድ ሰማያዊ አይቀባም። ጠዋት ሌላ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ቡናማ ነው፣ ማታ ሌላ ነው። በቁጣዋ ሰው የጎዳች፣ የተጸጸተች፣ ከዚያ ለጠላት ጭምር የለመነች ሴት ፊት አንድ ሳምንት መቀመጥ በዚህ ዘመን ለክልላችን ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልገኝም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ያለንበትን ጦርነት እናውቀዋለን።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሌላ ዓይነት ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1592 ተወለደች፣ በ1642 አረፈች። ባሏ የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ አልተከተለችም። ባሏን ትታ ወጣች፣ ተሰደደች፣ ንጉሡ ፊት ቀርባ አልታጠፈችም። በጣና ዙሪያ ብዙ ሰው ተከትሏት በማኅበር ኖረ፤ መሪያቸው እሷ ነበረች። ገድሏ የተጻፈው ካረፈች 30 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1672 ነው፤ ያወቋት ሰዎች ገና በሕይወት እያሉ። እህተ ክርስቶስ የምትባል ጓደኛዋ አብራት ነበረች። ሁለቱን ሴቶች ታንኳ ላይ የሚያሳይ ገጽ ቢኖር ደስ ይለኛል።

እቴጌ ምንትዋብ ቅድስት አይደሉም፤ ንግሥት ናቸው። ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ውስጡ ያለው ሥዕላቸው አይረሳም። ያ ሁሉ ሥልጣን የነበራቸው ሴት በጌጠኛ ልብሳቸው ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር ተደፍተዋል። የልብሳቸው ጥለት ብቻ ለከለር ወዳጅ በቂ ነው።

እነዚህ ሴቶች አማልክት አይደሉም። ይህን በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የእንስት አማልክት መጽሐፍ ያነበበች ልጅ እመቤታችንንም ከዚያው ተራ ልትቆጥራት ትችላለችና። ቤተ ክርስቲያን ለእግዚአብሔር የሚሰገደው የባሕርይ ስግደት ነው ትላለች፤ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን የሚሰገደው የጸጋ ነው። ልዩነቱን የምታስተምር አንዲት አጭር ገጽ መጽሐፉ መግቢያ ላይ ብትኖር ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

ሥዕለ አድኅኖና የከለር ገጽ

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የቄሶቹ ነው፤ ተገቢም ነው። ሥዕለ አድኅኖ ተባርኮ፣ ተከብሮ፣ በመጋረጃ ተሸፍኖ የሚቀመጥ ነው። ሰው ፊቱ ቆሞ ይጸልያል። ታዲያ በየቤቱ በከለር የሚቀባ ሥዕለ ማርያም ምን ሊባል ነው? ልጅ አረንጓዴ ፀጉር ቢያደርግላትስ?

የእንስት አማልክት መጽሐፍ አዘጋጆች ቀባዩዋን ልብሽ ያለሽን ቀለም ተጠቀሚ ይሏታል። ሙሉ ነፃነት ነው። የእኛ ሥዕል ደግሞ ሥርዓት አለው፤ ሠዓሊው ቀለም በፈቃዱ አይቀያይርም። ሁለቱን ለማስታረቅ መንገድ ያለ ይመስለኛል። በገጹ መካከል ያለችው ቅድስት የታወቀውን ቀለሟን ትልበስ፤ ምን ዓይነት እንደሆነ በጎን ይጠቆም። በዙሪያዋ ያለው ሐረግ ግን የቀባዩዋ ይሁን። እዚያ ላይ የፈለገችውን ታድርግ። ሐረጉ ያደረችበትን ቀን ይናገር። ደስ ያላት ቀን አንድ ዓይነት ይሆናል፣ የከፋት ቀን ሌላ። በብራና መጻሕፍቶቻችንም ሐረግ የጸሐፊው እጅ የሚፈታበት ቦታ ነው።

ሐረግ ሌላም ጥቅም አለው። ባሕር ዳር የኦርቶዶክሶች ብቻ ከተማ አይደለችም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የቅዱሳን ሥዕል አይቀቡም። የተጠላለፈ ንድፍ ግን በእነሱም ባህል የተከበረ ነው። አንድ የሐረግ ገጽ በሁለቱም ቤት ሊቀባ ይችላል።

የወረቀቱ መጨረሻ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በየበዓሉ የቅዱሳን ሥዕል የታተመበት ወረቀት መንገድ ላይ ወድቆ ሲረገጥ ያላዘነ የለም። የቲቤት መነኮሳት በቀለም አሸዋ ለቀናት የሠሩትን ማንዳላ ሲያልቅ ጠርገው ወንዝ ውስጥ ይጨምሩታል። ሁሉ ያልፋል የሚለውን ለመማር ነው። ለእኛ ግን የቅዱሳን መልክ የሚጠረግ ነገር አይደለም። ስለዚህ ገጹ በአንድ በኩል ብቻ መታተም አለበት። ሲያልቅ ወይ ይለጠፋል ወይ ይቀመጣል። የተበላሸውን ምን እናድርገው የሚለውን የንስሐ አባትን መጠየቅ ይሻላል። ለሕፃናት በሚዘጋጀው ላይ የእመቤታችንና የጌታችን ፊት ባይኖር፣ ታንኳው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ፈረሱ፣ ዓሣዎቹ ቢበዙ እኔ እመርጣለሁ።

ጊዜውን ከየት?

ብዙ ሴቶች ይህን ሲሰሙ የሚሉት አንድ ነው። ጊዜ የታለ? እውነታቸውን ነው። ጠዋት ቁርስ፣ ልጅ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ሥራ፣ ማታ ራት፣ ዕቃ ማጠብ። ሴት ቁጭ ካለች ሰው ይጠራታል። የእንስት አማልክት መጽሐፎቹ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ለእኔ አማልክቱ አይደሉም። ለሴት ይህ ግማሽ ሰዓት የአንቺ ነው ማለታቸው ነው። ማንም አይጠራሽም፣ ለማንም አትሠሪም። ይህን ብቻውን ብንወስድ ብዙ ነው።

ለጊዜው ማሰሪያ የሚሆን ልማድ ግን አለን። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው። የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ። አንድ ገጽ ወስዶ የዕለቱን ድርሻ እያሉ ወይም በስልክ እየሰሙ ትንሽ ትንሽ መቀባት ይቻላል። በሳምንቱ ገጹ ያልቃል። ለፍልሰታ ጾም ደግሞ በጣም ይመቻል። ሁለት ሳምንት ነው፤ ብዙ ሰው ሱባኤ ይገባል። በሥራ ምክንያት ገዳም መሄድ ያልቻለች ሴት ማታ ማታ ቤቷ ውስጥ ይህን ብታደርግ ከሱባኤው መንፈስ አትርቅም።

ዕቃው ብዙ አይደለም። የእንጨት ከለር ከማርከር ይሻላል። ማርከር ሳስ ያለ ወረቀት ላይ ወደ ጀርባ ያልፋል፤ ደግሞም ያስቸኩላል። የእንጨት ከለር እንድትዘገዪ ያስገድድሻል። ስልክ ላይ በጣት ነካ እያደረጉ የሚቀባው አፕ ለእኔ አይቆጠርም። እዚያ ላይ ቦታው በአንድ ንኪ ይሞላል፤ እጅ ምንም አልሠራችም። መልእክትም በመሃል ይገባል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ከለር ሐኪም አይደለም። በዚህ ጦርነት ሰው ያጣ፣ እንቅልፍ የራቀው፣ ሞትን የሚመኝ ሰው ወረቀት ተሰጥቶት አይሸኝም። ከላይ የጠቀስኩት ሙከራ ያየው የተማሪዎችን የአጭር ጊዜ ጭንቀት ነው፤ የዓመታትን ሐዘን አይደለም። እዚሁ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ወደዚያ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም። ጸበሉም ጸሎቱም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ማን ይሥለው?

መጽሐፉ ገና የለም። ቢዘጋጅ ግን መስመሩን የሚያሰምረው ማን ነው የሚለው ይወስነዋል። አሁን በቴሌግራምና በቲክቶክ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠሩ የቅዱሳን ሥዕሎች ሞልተዋል። ፊታቸው የለሰለሰ፣ አፍንጫቸው የቀጠነ፣ የሲኒማ ተዋናይ የሚመስሉ። ክርስቶስ ሠምራ የቡልጋ ሴት መሆኗ ጠፍቷል። ሁለቱ ዓይኖች አይታወቁም፣ የጣቶቹ ምልክት አይታወቅም። ይህን ወደ መስመር ቀይሮ መሸጥ ቀላል ነው። አንድ ሰው ነገ ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ ነው ቶሎ መነጋገር ያለብን።

ከዘጌ ወደብ ወደ ዑራ በሚወስደው የቡና ጫካ መንገድ ላይ ወጣቶች በብራና ላይ የሣሉትን ይሸጣሉ። ከእነሱ ውስጥ እጃቸው የሚያስደንቅ አሉ። ገበያቸው ቱሪስት ነበር። ቱሪስቱ ከቀረ ቆየ። እነዚህ ልጆች የአባቶቻቸውን መስመር ያውቁታል። ለአገር ሰው የሚሆን፣ ዋጋው ከአንድ ደብተር ብዙ የማይርቅ መጽሐፍ እነሱ ቢሥሉት ሥራም ይሆናል፣ መስመሩም አይጠፋም። ሴቶችም መግባት አለባቸው። ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በብዛት የወንድ እጅ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ የከለር ገጽ ላይ ግን የሚከለክላት የለም።

ገዳማቱ ፈቃዳቸው ሊጠየቅ ይገባል። ግድግዳውን ፎቶ አንስቶ በኮምፒዩተር መስመር አውጥቶ መሸጥ ስርቆት ነው እላለሁ። ሠዓሊው ሄዶ፣ አይቶ፣ በራሱ እጅ ይሣል። ከሽያጩ የተወሰነው ለገዳሙ ይመለስ፤ የዝናብ ውሃ ጨርቁን እያላቀቀ ያለባቸው ጣሪያዎች ቆርቆሮ ይፈልጋሉ። ዓሣዎቹንና ሐረጉን የያዘ አንድ የሙከራ ገጽ ተሠርቶ ለሊቃውንቱ ቢቀርብና እርማታቸውን ቢሰጡበት፣ ለቀጣዩ ፍልሰታ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ገጾች ማድረስ ይቻላል።